ስለ ጋሽ እንድሪስ የተናገርኩት

ሚያዝያ 5 ቀን 2012፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ኢማን ናት። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት ከገባች ወዲህ ሥራዋ እኔን ማዘዝ ሆኗል። «እማዬ፣ በየቀኑ ከማን ጋር እንደተገናኘሽ ጻፊ፤ አንድ ሰው ቢታመም የጤና ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው» አለችኝ። እሺ ልጻፍ። ዛሬ የተገናኘሁት ከእትዬ ሸዋርካብሽ ጋር ነው፤ አጠገቤ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡት ጎረቤቴ ናቸው። ሌላ ማን አለ? ሆቴሉ ተዘግቷል፣ ድግሱ ቀርቷል፣ በርበሬ ማን ይገዛል?

ጠዋት አንዲት ሴትዮ ብትመጣ እሷንም አጣናት። በርበሬ ተራ ሳያስል የሚውል ሰው የለም። እኔ ሳስል፣ እትዬ ሸዋርካብሽ ሲያስሉ፣ ኩሊዎቹ ከወዲያ ሲያስሉ ሰማችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሮጠች። «ኧረ በርበሬው ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ።

ማታ ጋሽ እንድሪስ ደወሉ። ከወሎ ቆላ በርበሬያቸውን የሚያመጡልኝ ገበሬ ናቸው፤ ኢማን ሳትወለድ ጀምሮ ደንበኛዬ። ዘንድሮ መኪናም ገዢም ጠፍቶ በርበሬው ቤታቸው ተከምሯል። ድምፃቸው ግን ደስ ብሎታል። ለልጃቸው ለአሚር ሚስት ሊያጩለት ነው።

«የልጅቷ ወገኖች ኑሯችንን ማጠያየቃቸው አይቀርም። መርካቶ ማን ያውቅሃል ሲሉኝ አንቺን ጠራሁ። ከደወሉ እንግዲህ ታውቂያለሽ፣ ጠሂራ እቴ» አሉኝ።

«ይተውት ለእኔ!» አልኳቸው።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

ደወሉ! ቡርሃን እባላለሁ አለኝ። ከእነ ጋሽ እንድሪስ ቀበሌ ነው የምደውለው፣ ስለ ኑሯቸው ጥቂት ልጠይቅዎ ነበር አለ። ትሁት ሰው ነው። ወዲያው ገባኝ።

የአገራችን ወግ የታወቀ ነው። ለጋብቻ የተጠየቀ ሰው ያለውን አይናገርም፤ እጥፍ አድርጎ ይናገራል። የሰማው ደግሞ ግማሹን ቀንሶ ይወስዳል። ማንም ማንንም አታለለ አይባልም። እኔ ያለውን ብቻ ብናገር፣ ሰውየው ከዚያው ላይ ቀንሶ ጋሽ እንድሪስን ባዶ ሊያስቀራቸው ነው።

ስለዚህ አፌን ከፈትኩት። በሬስ አላቸው? ሁለት ጥማድ! (ያላቸው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጁ ነው የሚያርሱት።) መሬቱስ? በፓምፕ ውሃ እየሳቡ በዓመት ሁለቴ ያመርታሉ! በርበሬያቸውስ አልተሸጠም ወይ? ተሸጦ ያለቀ! ገንዘቡ እኔው ጋ ነው፣ በፈለጉ ጊዜ ይወስዳሉ! «የእሳቸው እጅ መስጠት እንጂ መቀበል አያውቅም፣ የኔ ወንድም» አልኩት። እትዬ ሸዋርካብሽ ከወዲያ ሆነው በሳቅ ሊሞቱ።

አንድ ነገር ገረመኝ። ስለ ልጁ አንድም አልጠየቀኝም። ይሰግዳል ወይ፣ ይቅማል ወይ፣ ጠባዩ እንዴት ነው፣ ምንም። ንብረቱን ብቻ። የዛሬ ሰው ዓይኑ ንብረት ላይ ነው ብዬ ተውኩት።

ሚያዝያ 16፣ አርብ

የረመዳን መጀመሪያ። ሌላ ጊዜ አርብ በዚህ ሰዓት ከአንዋር መስጊድ ጀምሮ እስከ እኛ ድረስ አስፋልቱ በሰጋጅ ይሞላል፤ ካርቶን አንጥፎ የሚሰግደው ብዛቱ። ዛሬ መስጊዱ ዝግ ነው። መንገዱ ላይ ውሻ ተኝቷል። አዛኑ ባዶ ሰፈር ላይ ሲያስተጋባ ሰውነቴን ወረረኝ። ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገብቼ ሰገድኩ።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

ካፈጠርን በኋላ ጋሽ እንድሪስ ደወሉ። በኮሮና ምክንያት ምርቱ ላልተሸጠለት ገበሬ መንግሥት ለዘርና ለማዳበሪያ የሚሆን ድጎማ እየከፈለ ነው። ጎረቤቶቻቸው ተቀብለዋል። የእሳቸው ስም መጀመሪያ ገብቶ ነበር፣ ኋላ ተሰረዘ። ለምን እንደሆነ የሚነግራቸው ጠፋ።

«ተጣርቷል ይሉኛል። ምኔ ነው የተጣራው? አንድ በሬ አለኝ፤ እሱም ብቻውን አያርስ። ክረምቱ ሳይገባ ማዳበሪያ ካልያዝኩ ዘንድሮ ምን እዘራለሁ?»

አብሽሩ፣ ስህተት ይሆናል አልኳቸው።

«አንቺንም እኮ ገዢዬ ናት ብዬ ስልክሽን ሰጥቻቸው ነበር፤ በርበሬው አለመሸጡን እንድትመሰክሪልኝ። አልደወሉልሽም?»

«ኧረ የደወለ የለም» አልኩ።

አፌ ነው ያለው። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

ሚያዝያ 22

አልተኛሁም። የደወለው የልጅቷ ወገን ነው። ሌላ ማን ይሆናል? ከቀበሌያቸው ነው የምደውለው አለ እንጂ የቀበሌ ሠራተኛ ነኝ አላለም። ከዚያ ሰፈር ነኝ ማለቱ ነው። አላለም።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

እትዬ ሸዋርካብሽ ሚዛናቸውን እየወለወሉ እንዲህ አሉኝ፤ «የወንድሜ ልጅም ያንን የገበሬ ድጎማ ተቀበለ። ለእኔ ደውለው ነበር እኮ። ከተማ ያለ ዘመድና ገዢ እየተደወለለት ነው የሚያጣሩት። ምን አለው፣ ድሃ ነው አልኳቸው።» ጨርቃቸውን ገልብጠው ያዙና፣ «ያንቺው ሰውዬ ግን የደወለው ለጋብቻ ነው፣ አይደል?»

«ለጋብቻ ነው» አልኩ።

ከሚዛኑ ላይ ቀና አላሉም።

የቡርሃን ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ዛሬ ደጋግሜ ደወልኩ። ከመጥራቱ በፊት ያቺ የቴሌ ሴትዮ ትመጣለች፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ ትላለች። እሷ እስክትጨርስ ጠብቄ፣ ጥሪው ሲጀምር እዘጋዋለሁ። ምን ልበለው? ዋሽቼ ነው ልበል? መርካቶ ላይ ያለኝ ካፒታል ቃሌ ነው። ገበሬው በርበሬውን ያለ ወረቀት ጥሎልኝ የሚሄደው የጠሂራ ቃል አይታጠፍም ብሎ ነው። ውሸታም ምስክር ተብዬ በየቀበሌው ስሜ ቢነሳ ነገ ማን ሚዛኔን ያምናል? የማሳድጋት ልጅ አለችኝ፣ ባል የለኝ።

ደግሞስ ሰውየው ግማሹን መቀነስ ነበረበት! የተባለውን እንዳለ የሚወስድ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ጋሽ እንድሪስ መጡ።

በሩ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ድምፃቸውን ለየሁት፤ ከወንበሬ መነሳት ግን አቃተኝ። ከስተዋል። አንድ ጣሳ ማር ይዘውልኛል። «በእኔ ጉዳይ መድከምሽ አይቀርም ብዬ ነው» አሉኝ። ማሩን ተቀብዬ የት እንደማስቀምጠው ጨነቀኝ።

የመጡት ለአቤቱታቸው ነው። «እኔ ብናገር ሰሚ የለኝም። አንቺ ከተሜ ነሽ፤ በስልክ ጠይቂልኝ» አሉ። ኢማን አጠገባችን ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። የምትማረው የሕዝብ አስተዳደር አይደል፣ እሳት ሆነች። «ሰው ሲሰረዝ ለምን እንደተሰረዘ ሊነገረው ይገባል! ግልጽነት የሚባል ነገር አለ!» ትላለች። ጋሽ እንድሪስ ግልጽነት የሚባል ሰው ያለ ይመስል «እሱን የት ነው የማገኘው?» አሏት። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ራሴን አስቀየመኝ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ኢማን የቅሬታ ስልክ ፈልጋ አገኘችና ሱቄ ውስጥ ሆና ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች። እኔ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። «የተሰረዙ ሰዎች ምክንያታቸው በሕዝብ ፊት ይነበብ! ማን መሰከረ፣ ምን ብሎ መሰከረ፣ ሁሉም ይነበብ!» ትላለች።

ማን መሰከረ።

«አንቺ ልጅ፣ መንግሥት ሥራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አልኳት ስትጨርስ።

«እማዬ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የምትይው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፣ እንዳንቺ ያለውን አላህ ያብዛልን አሉ። አሚን አልኩ። ምን ልበል?

አመሻሽ ላይ ለብቻቸው ይዤ «የማዳበሪያውን እኔ ልስጥዎ» አልኳቸው።

«ስለምን?» አሉኝ።

«እንዲሁ ነው» አልኩ።

«ምጽዋት ከሆነ ለባሰበት ስጪ። ብድር ከሆነ በምን እመልስልሻለሁ? እኔ የምፈልገው የሚገባኝን ነው፣ ጠሂራ እቴ» አሉና ጀርባዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። የሚያድሩት አማኑኤል አካባቢ የአገራቸው ልጅ ቤት ነው።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ስለምን ሲሉኝ።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

የቀበሌው ሰዎች እሺ ብለዋል። ከዒድ በኋላ ቀበሌው ሕዝቡን ሜዳ ላይ አራርቆ አስቀምጦ የተሰረዙትን ከነምክንያታቸው ሊያነብ ነው። ሐሰት ነው ያለ እዚያው ይናገራል፤ ስሙ ይመለሳል። ኢማን እልል አለች።

ጋሽ እንድሪስ ዛሬ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ልናገር ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ሲደርሱ «ጋሽ እንድሪስ» አልኩ።

«አቤት እቴ።»

«ማስኩን አፍንጫዎ ላይ ከፍ ያድርጉት።»

ይኸው ነው የተናገርኩት። ይህችን ለማለት ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት።

ግንቦት 16፣ እሑድ

ዒድ። ቤት ውስጥ ሰገድን። የምበላው ሁሉ አልጣፍጥ አለኝ ብል ኢማን ደንግጣ ግንባሬን ዳሰሰች። «ጣዕም ማጣት ምልክቱ ነው» አለች። ምነው በሆነ አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው አላህን ፈርቼ አስተግፊሩላህ አልኩ።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ትናንት ተነበበ። አሚር ነው ለኢማን ደውሎ የነገራት፤ እሷ ደግሞ እያለቀሰች ለእኔ።

ሰዉ ሜዳው ላይ ተራርቆ ተቀምጧል። ቡርሃን ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆሟል። የጋሽ እንድሪስ ተራ ሲደርስ፣ «ሁለት ጥማድ በሬ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ተሸጦ ያለቀ በርበሬ፤ ገንዘቡ መርካቶ በአደራ ተቀምጧል። ይህም የተረጋገጠው መርካቶ ያለ ነጋዴ በሰጠው ቃል ነው» ብሎ አነበበ። ሕዝቡ አጉረመረመ። በሬያቸውን የሚያቀናጀው ጎረቤት ሳይቀር አፉን ከፍቶ ቀረ። ቡርሃንም፣ «ጋሽ እንድሪስ፣ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ሐሰት ነው ካሉ ዛሬውኑ እንመልስዎታለን» አላቸው።

ተነሱ። ቆሙ። ዙሪያውን አዩ።

«እውነት ነው» አሉና ተቀመጡ።

ኢማን ክፍሉን እየዞረች «ለምን? ለምን እውነት ነው ይላሉ? ምን ነካቸው?» ትላለች። አሚርም ምክንያቱ አልገባውም፤ የነገራት አንድ ነገር ቢኖር የልጅቷ አባት ከጋሽ እንድሪስ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንደነበር ነው። ኢማን ይህን እንደዋዛ አለፈችው። እኔ ግን አላለፍኩትም።

«ደግሞ ማነው ይሄ ጨካኝ? የምስክሩም ስም መነበብ ነበረበት!» አለች። ከዚያ ቆም አለች። «እማዬ፣ ጋሽ እንድሪስ ካንቺ ሌላ ለማን ነው በርበሬ የሚሸጡት?»

«ለብዙ ሰው» አልኩ።

አየችኝና ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ግንቦት 21፣ አርብ

ዛሬ ስልኩን አልዘጋሁትም። ያቺ ሴትዮ ምክሯን ጨረሰች፣ ጠራ፣ ቡርሃን አነሳ። ሁሉንም ነገርኩት። ለጋብቻ የደወለ መስሎኝ ነው፣ እጥፍ አድርጌ ነው፣ ወጋችን ነው አልኩ።

አስጨረሰኝና መለሰልኝ። «እትዬ ጠሂራ፣ እኔ የተባለውን ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ ላይ ስለ ድጎማው መሆኑን ልነግርዎ ስል እርስዎ እኮ ማሞገስ ጀመሩ፤ አላስጨረሱኝም።»

እውነቱን ነው። አላስጨረስኩትም።

«ይታረም እንግዲህ» አልኩት።

«ሕዝብ ፊት እውነት ነው ያሉት እሳቸው ናቸው። የእርስዎ ቃል ብቻውን አሁን አይበቃም። ራሳቸው ሕዝብ ፊት ቆመው ሐሰት ነበር ይበሉ። በሩ እስከ ሰኔ ሠላሳ ክፍት ነው።»

ስልኩን ሳስቀምጥ ኢማን በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። «ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ስጮህ ዝም ብለሽ ታይኝ ነበር?» አለች፣ ሌላ የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

የጋሽ እንድሪስ ስልክ አይሠራም። አሚር እንደሚለው በርበሬው ሻግቷል። በሬውንም ሸጠውታል። እሳቸው ከቤት ከወጡ ሰነበቱ፤ የት እንደሄዱ ልጁ ለእኔ ሊነግረኝ አልፈለገም። «አንቺማ ታውቂው የለ» አለኝ። ምኑን ነው የማውቀው?

ኢማን ታዋራኛለች። ሻይ ፈልቷል፣ መብራት ሄዷል፣ እንደዚህ ያለውን።

ሰኔ 9

በየኩሊው ላይ እሳቸውን ማየት ጀመርኩ። ሁሉም ማስክ አድርጓል፣ ሁሉም ከዝናቡ ሽሽት ጆንያ ራሱ ላይ አጥልቋል፣ ከዓይን በቀር የሚታይ የለም። ዛሬ አንዱን ጎንበስ ያለ ሽማግሌ እስከ ሸራ ተራ ተከትዬው ሄድኩ። ዞሮ ሲያየኝ ሌላ ሰው ነው። «ምን ጠፋብሽ፣ እናቴ?» አለኝ። ምንም አልኩት።

እትዬ ሸዋርካብሽ ጸበል ልውሰድሽ ይሉኛል። እኔ እስላም ነኝ እኮ እትዬ፣ ስላቸው «ለጭንቀት ሃይማኖት አይጠየቅም» አሉኝ። ሚዛን እየተሳሳትኩ ነው። ዛሬ ለአንዱ ገዢ ትርፍ መዝኜ እሱ ራሱ መለሰልኝ።

ሰኔ 18፣ ሐሙስ

ኢማን ተኝታለች። የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ከማረቆ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ገብቶልኝ ነበር። ገበያው ትንሽ ተንፈስ ብሏል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ኩሊዎቹ «ዞር በሉ! ዞር!» እያሉ ያስገባሉ። አንዱ ኩንታሉን መጋዘኔ ውስጥ አውርዶ ግድግዳውን ተደግፎ አሳለ። ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቀረ።

«ጠሂራ እቴ» አለኝ።

ጮኼ ኖሯል። «ቀስ በይ፣ ስሜን አትጥሪ» አሉኝ። ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ጆንያውን ከራሳቸው ላይ አነሱት። ጠጉራቸው ከግንቦት ወዲህ ነጥቷል። «የልጅቷ አጎት እዚሁ ሸራ ተራ ይሠራል። ይህ ማስክ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ብለው ሳቁ። ሰሞኑን እዚሁ መርካቶ ሲሸከሙ ነው የከረሙት። በእኔ በርም አልፈዋል።

«አገር ቤት ምን ብለው ወጡ?»

«መርካቶ ያለ ገንዘቤን ልቀበል ሄድኩ ብዬ ነዋ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ለእኔ ነው የደወሉት፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት፣ ሲጠይቁኝ የደወለ የለም ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ ነው፤ ምን እንዳልኩ በቅጡ አላውቅም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሲነበብ ያንቺ አፍ መሆኑን ለየሁት። እኔን እንደዚያ አድርጎ የሚያሞግሰኝ ሌላ ማን አለ? ደህና አርገሽ ንገሪልኝ ብዬ የለመንኩሽስ ራሴ አይደለሁም?»

«ታዲያ ለምን ሐሰት ነው አላሉም? ዘርዎ፣ ማዳበሪያዎ...»

«አባትየው ፊቴ ነበር እኮ። ሐሰት ነው ብል ልጄ የሚወዳትን ያጣል፣ አንቺም በአገሬው አፍ ትገቢያለሽ። እውነት ነው ብል የምጎዳው እኔ ብቻ ነኝ። ቶሎ ብዬ ሳሰላው ይሄ ረከሰልኝ።»

«ጊዜው አላለፈም። እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው። ነገ አብረን እንሂድ፣ ሕዝቡ ፊት እኔ እናገራለሁ፣ ይስደቡኝ፣ ሱቄም ይዘጋ!»

«ያኔ ብትነግሪኝ ሌላ ነበር» አሉ። ቁጣ የለበትም። ምነው በነበረበት። «አሁን አንቺ እውነቱን ብትናገሪ ሕዝብ ፊት የዋሸው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ኒካሁ ለጥር ተቆርጧል። እስከዚያ አንድ ጥማድ እንኳ ከገዛሁ አላህ ይሸፍነኛል። በኢማን ይዤሻለሁ፣ ዝም በይልኝ።»

ሁለት ወር ሙሉ ዝም ለማለት ስታገል የከረምኩ ሴት፣ ዛሬ ዝም በይ ስባል አንጀቴ ተቃጠለ። በልጄ ያዙኝ። እሺ አልኩ።

ከውጭ ሹፌሩ ጮኸ፤ «አንተ ሽማግሌ! ተኛህ እንዴ? ለጎጃም በረንዳው ደንበኛ የሚሄደው ኩንታል ይውጣ እንጂ!»

ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ሳቡት፣ ጆንያውን መልሰው አጠለቁ። ከኩንታሉ ፊት ዞረው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። የሚያሸክም ሰው ያስፈልጋል። መጋዘኑ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

«በይ እቴ፣ አሸክሚኝ» አሉኝ።

ኩንታሉን ከሥሩ ይዤ አነሳሁና ጀርባቸው ላይ አሸከምኳቸው።